ባሕር ያለ ጨው

ሐሙስ ማታ እኅቴ ደወለች። ሰላምታው እንኳን ሳያልቅ «ቅዳሜ የሚጣ ልደት ነው፤ ኬኩን እኛው ነን የምንሠራው፤ አንተ ከሱሉልታ ወተትና እንቁላል ይዘህ ትመጣለህ» አለችኝ። ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አልነበረም።

«ለምን ተሠርቶ ያለቀውን አንገዛም?» ብዬ ሞከርኩ።

«ዋጋውን ጠይቀሃል?»

አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነገር ሁሉ ሚዛን አልደፋም።

«ደግሞ ተራ ኬክ አይደለም የፈለገችው፤ ቢች ነው» አለች።

«ምን?»

«ቢች! የባሕር ዳርቻ። አሸዋ ያለው፣ ሰማያዊ ውሃ ያለው፣ ዘንባባ የቆመበት፣ ጃንጥላ የተተከለበት። ቴሌቪዥን ላይ አይታ ነው።»

ነገሩ ይገባችሁ ዘንድ የቤተሰባችንን አሰፋፈር ልንገራችሁ። ወላጆቼ ሰበታ ናቸው። እኅቴ ቡራዩ ትኖራለች። እኔ ሱሉልታ ነኝ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ እንደ ወንፊት ነፍቶ ዳር ዳር ላይ ከበተናቸው ቤተሰቦች አንዱ ነን ማለት ነው። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል፤ ለእኛ ግን አሁንም የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች ነን። ስንገናኝ የምንገናኘው ሰበታ ነው። እኔ እንጦጦን ወርጄ፣ አዲስ አበባን ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ ሰንጥቄ፣ ሠላሳ እንቁላል ጭኔ ላይ ታቅፌ በሦስት ታክሲ እደርሳለሁ። ያን ቀን ከሠላሳው ሃያ ስምንቱ በሰላም ገብተዋል።

እናንተዬ፣ ሚጣ ሰባት ዓመቷ ነው። በሕይወቷ ካየችው ውሃ ሁሉ ትልቁ ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ነው፤ እሱንም ያየችው ከመኪና መስኮት ነው። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ ባሕር ያማራት።

የመጀመሪያው ኬክ አልሆነም። እኅቴ አሠራሩን ከስልኳ እያነበበች፣ በግራም እየለካች፣ አንዲት ማንኪያ ሳታጓድል ነበር የሠራችው። ኦቭን ውስጥ ገብቶ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ጉብ አለ። ሁላችንም በመስታወቱ እያየን አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ መሐሉ ስምጥ አለ። ሲወጣ የእሳተ ገሞራ አፍ መስሎ ነበር። ሚጣ አልቅሳ ጓዳ ገባች።

አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ «የሠራችው ሴትዮ የየት አገር ሰው ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ምን አገባን ከአገሯ?» አለች እኅቴ።

«ጠይቂ ግዴለሽም። ቆላ ከሆነች የእሷ ልክ ለእኛ አይሆንም። ጣርማ በር ላይ እኮ መኪናም ትንፋሽ ያጥረዋል።»

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የተናገረው እንደ ቀልድ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። እኅቴ ስልኳን ወደ ታች ብትገፋው ከአሠራሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ይህ ልክ በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖሩ ነው» የሚል ተጽፏል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው አየር ከልክ በላይ ይነፋል። ኬኩ ገና ውስጡ ሳይበስልና ሳይጠነክር ተንጠራርቶ ያብጣል፤ የሚሸከመው ሲያጣ ይወድቃል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ተንኖ ያልቃል። መድኃኒቱ ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን ቀነስ፣ ወተቱን ጨመር፣ እሳቱንም ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኬክ እንዲህ ተሠርቶ ቀጥ ብሎ ወጣ።

እኔ ግን «ከባሕር ጠለል በላይ» የምትለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። ባሕር የሌለን ሰዎች ቁመታችንን የምንለካው ከባሕር ተነሥተን ነው። ለካስ ባሕሩ ሳናውቀው ቤታችን ውስጥ ኖሯል።

ኬኩ እስኪበርድ እናቴ ድፎ ዳቦዋን ልትደፋ ኮባ ታጥብ ነበር። እሷ ለኬክ ያላት አስተያየት የታወቀ ነው። «እኛ ልደት የምናውቀው የእመቤታችንን ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ናት። ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ይወጣል፤ ንፍሮ ይነፈራል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል። የሰው ልጅ ደግሞ የሚደገስለት ክርስትና ሲነሣ ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ የሚቆጠረው በሻማ ሳይሆን በአገር ነገር ነበር። «በኅዳር በሽታ ጊዜ»፣ «በማይጨው ዓመት» እየተባለ። አባዬ ራሱ «ጣሊያን በወጣ ማግሥት» ነው የተወለደው። መንጃ ፈቃዱ ላይ መስከረም 1 ተብሎ የተጻፈው ጸሐፊው ቀን ሲጠይቀው ስላልነበረው ነው።

በየዓመቱ ልደቱ በአገር ደረጃ ይከበርለት የነበረው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሐምሌ 16 ቀን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት የሕዝብ በዓል ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. 80ኛ ዓመታቸው በታላቅ ድምቀት ተከብሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዮቱ መጣና በዓሉ ከካሌንደር ወጣ። ልደት ግን አልጠፋም። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ቪላ፣ ከቪላ ወደ ቀበሌ ቤት፣ ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ። የንጉሥ የነበረው ነገር የእያንዳንዱ ሕፃን ሆነ። እንዲህ ሲታይ ክፉ ለውጥ አይመስለኝም።

የቀረው ዕቃ ሁሉ ከያለበት የተለቃቀመ ነው። በዕድሜ ልክ ሻማ ሰክቶ ልደት ማክበር ከጀርመኖች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 ሲንሰንዶርፍ ለሚባል መስፍን ልደት በተጋገረ ትልቅ ኬክ ላይ በዕድሜው ቁጥር ሻማ እንደተተከለ የዐይን ምስክር ጽፏል። ልጆቹ የሚዘምሩት ዜማ ደግሞ ኬንታኪ ውስጥ ሁለት የሂል እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1893 ያሳተሙት ነው። መጀመሪያ የልደት ሳይሆን የሕፃናት ትምህርት ቤት የጠዋት ሰላምታ መዝሙር ነበር። ኬክ ቤቱን ያስለመዱን ጣሊያኖች ናቸው። ፒያሳ የነበረውን ኤንሪኮ ኬክ ቤት፣ በማለዳ ተሰልፎ ሚሌፎሊ ሳያልቅ ለመድረስ የነበረውን ጥድፊያ የእኔ ዘመን ሰው አይረሳውም። የሚገርመው ጋጋሪው ጣሊያን ሆኖ ስሙን «ኬክ» ብለን ከእንግሊዝ መውሰዳችን ነው።

ስኳሩስ? ስኳር ከውጭ በሚመጣበት ዘመን የአበሻ ቤት ጣፋጭ ማር ነበር። ስኳር የእኛ ምርት የሆነው በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ነው። ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ኢንዶኔዢያ ደሴቶች ላይ፣ ያ ዘንባባና አሸዋ ባለበት አገር፣ ሸንኮራ ሲያመርት ኖሮ ኢንዶኔዢያ ነፃ ስትወጣ ወደ አዋሽ ዳር የመጣ ነው። እናም እኅቴ በሰማያዊ ቀለም የምታሸው ስኳር ታሪኩ ቢመረመር ከባሕር ዳርቻ ነው የመጣው።

ወደ ማስጌጡ እንመለስ።

ክሬሙን በሦስት ሳሕን ከፈልነው። አንዱን ነጭ አስቀረነው፤ አንዱን ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሌላውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ አደረግነው። ጥልቁ ውሃ ጠቆር ይላል፤ ወደ ዳር ሲጠጋ ይፈዛል፤ ከአሸዋው ሲደርስ ነጭ አረፋ ይሆናል። ይህን በማንኪያ ጀርባ እየጎተትን ማዕበል አስመሰልነው። ለአሸዋው ብስኩት ተፈጭቶ ይነሰነሳል ይላል ስልኩ። ብስኩቱን ግን ሚጣና የጎረቤት ልጆች ጨርሰውታል። እናቴ ምንም ሳትናገር ከጓዳ የበሶ ዱቄት አመጣች። የተቆላ ገብስ፣ ቀለሙ ልክ የደረቀ አሸዋ! ስኳር ትንሽ ቀላቅለን ነሰነስነው። እውነት እላችኋለሁ፣ ከብስኩቱ ይሻላል።

ዘንባባ አጣን። ኮባው ግን እዚያው ነበር። እኅቴ የዳቦውን ኮባ ጫፍ በመቀስ እየቆራረጠች በቀጭን እንጨት ላይ አሰረችው። ከሩቅ ለሚያየው ዘንባባ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ኮባ ነው። እናቴ «ድፎዬንም ኬካችሁንም የያዘው አንድ ቅጠል ነው» ብላ ሣቀች።

በዚህ መሐል ሚጣ ከጓሮ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣ መጣች።

«ይሄንንም ትከሉት» አለች።

«ሚጣዬ፣ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ዛፍ የለም» አልኳት።

«ታድያ ለምን ባሕር ዛፍ አላችሁት?»

መልስ ስፈልግ ቆየሁ። ሦስቱንም ከተሞቻችንን የከበበ፣ እንጦጦን ያለበሰ፣ ቤታችንን ያቆመ፣ እንጀራችንን ያበሰለ ዛፍ ነው። ስሙን ግን አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። ከአውስትራሊያ የተነሣ ዛፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ሲከትሙ አካባቢው ማገዶ አለቀበት። ከተማዋ እንደ ቀድሞዎቹ የነገሥታት ሰፈሮች ልትነቀል ነው ሲባል፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ይህ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ መጣ፤ ችግኙን በማስገባት ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ስሙ ይነሣል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። የሩቁን ሁሉ በባሕር ስም መጥራት ልማዳችን ነው። በቆሎን የባሕር ማሽላ የሚል አገር አለ። ሐይቅ ዳር ያለችውንም ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል።

ይህን በልጅ ቋንቋ ለሚጣ ነገርኳት። «ስለዚህ የባሕር ነው» ብላ ደመደመችና ቅርንጫፏን ከኮባው አጠገብ ተከለች። ማንም አልነቀለውም።

ከዚያ ዛጎል ቀረ። እኅቴ ከነጭ ቸኮላት ልትሠራ አስባ ነበር፤ ቸኮላቱ ግን ከብስኩቱ ጋር ሄዷል። አሁንም እናቴ ጓዳ ገባች። ይዛው የወጣችው አንቀልባዋን ነበር። እኔን፣ እኅቴን፣ ኋላም ሚጣን ያዘለችበት፣ ቆዳው ከመለስለሱ የተነሣ የሚያበራ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተሰፋበት አንቀልባ።

«ይኸው ዛጎል። ነገር ግን አይነቀልም፤ ከጎኑ አስቀምጡት» አለች።

እናንተስ ቤት ይኖር ይሆን? በአንቀልባ፣ በሞሰብ፣ በወተት ዕቃ ላይ የተሰፋ ያ ነጭ ዛጎል ከሐይቅና ከወንዝ አይወጣም። የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ማልዲቭስ ከሚባሉት ደሴቶች እየተለቀመ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ አፍሪካንና እስያን ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነው። ከወደብ በግመል፣ ከግመል በበቅሎ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሻገረ ደጋ ይወጣና ከሕፃን ጀርባ ላይ ይሰፋል። ሚጣ ባሕሩን ያወቀችው ከቴሌቪዥን ነው ብለን ነበር። ለካ ገና ሳትቆም፣ ገና ሳትናገር፣ በባሕር ዛጎል ታጥራ ታዝላለች።

ኬኩ አለቀ። ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። በወረቀት የተሠሩ ሁለት ጃንጥላዎች፣ የበሶ አሸዋ፣ የወንጂ ባሕር፣ የኮባ ዘንባባ፣ አንድ ባሕር ዛፍ። ሰባት ሻማ በማዕበሉ ላይ ተተከለ። አባዬን ከበረንዳ ጠራነው።

መጣ። መነጽሩን አደረገ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው።

«ጥሩ ነው። ግን ጨው የለውም» አለ።

ሁላችንም ሣቅን። እሱ አልሣቀም። እናቴን ጨው ጠይቆ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ በአሸዋው ዳር፣ ውሃው ከሚደርስበት መስመር ላይ ነሰነሰው። «አሰብ እንዲህ ነው። ውሃው ሲመለስ ጨው ጥሎ ይሄዳል። ፀሐይ ሲመታው እንደ መስታወት ያበራል» አለ።

እኔ አባቴ የአሰብ ሾፌር እንደነበር አውቃለሁ። አሰብ ግን ለእኔ የሥራ ቦታ ስም ነበር፤ አባዬ የሚሄድበትና የሚቀርበት ቦታ። ባሕር አልነበረም። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ሰው ስለ ባሕሩ ጠይቆት አያውቅም።

ስለዚያ መንገድ ትንሽ ልበል። መጀመሪያ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻና በባቲ ወርዶ፣ ኋላ ደግሞ በአዋሽና በሚሌ አቋርጦ አፋርን ሰንጥቆ ባሕር የሚደርስ መንገድ ነው። በአዋሽ በኩል 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአገሪቱ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ የርዳታ እህል፣ ማሽን፣ ጨው የሚመላለሰው በዚያ ነበር። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ዕቃችን በአሰብ መግባቱን ቀጥሎ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። አባዬም በዚያው ዓመት መኪና አቆመ። ስለ ወደብ ፖለቲካ ልጽፍ አይደለም፤ ያ ዳርቻ የሚኖሩበት ሰዎች አገር ነው፣ ሰዎቹም ዘመዶቻችን ናቸው። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ወደብ ሲዘጋ ጋዜጣው ስለ ቶንና ስለ ኪራይ ይጽፋል። በዚያ መንገድ ላይ ያረጀ ሰው የያዘውን ትዝታ ግን ማንም አይጭነውም፤ የትም አይራገፍም።

ጨው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ኢትዮጵያውያን በጨው እንደሚገበያዩ ጽፏል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ ገንዘብ ነበር። አሞሌው የሚፈለጠው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። ያ ምድር ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ ነው። ባሕሩ ሲቆረጥና ሲደርቅ ጨዉን ጥሎ ቀረ። አሰብ ከተዘጋ ወዲህ ገበያውን የያዘው የአፍዴራ ጨውም ከዚያው ከአፋር ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ካለ ሐይቅ ዳር ነው። ባሕር የሌለን እኛ በየቀኑ ወጣችን ውስጥ ባሕር እንቆነጥራለን።

አባዬ ተቀመጠ። ሚጣ ጭኑ ላይ ወጣች። አሰብ የሚደርሱት ሌሊት እንደነበር ነገራት፤ ቀን ላይ ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳልና። ተራ እስኪደርስ ሦስት አራት ቀን ጠብቀው፣ ጠዋት ጠዋት ከነልብሳቸው ባሕር ውስጥ ይገቡ እንደነበር፣ ሲወጡ ልብሱ ደርቆ በጨው ግትር እንደሚል። ባሕሩ ሁልጊዜ ሰማያዊ እንዳልሆነ፣ ንጋት ላይ የወተት ቀለም እንደሚይዝ። የመጀመሪያ ቀን ሲያየው ሰማይ መሬት ላይ የወደቀ መስሎት ፍሬን መያዙን፣ ከኋላው የነበረው ሾፌር ጥሩምባ እየነፋ መስደቡን።

ሻማው ቀልጦ ማዕበሉ ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል። ማንም አላስተዋለውም።

«አባባ» አለች ሚጣ፣ «አንተ ባሕር አይተህ ነበር እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠይቆኝ፣ ልጄ?»

የተናገረው በቅሬታ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው። እኔ ግን ዐይኔን ከኬኩ ላይ ማንሣት አቃተኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ጸሐፊ ነኝ የምል ሰው የሰውን ሁሉ ታሪክ ጠይቄ አገር ለአገር ዞሬያለሁ።

ልጆቻችን ባሕሩን ከስክሪን ላይ ቢያዩት አልከፋም። ኬክ ላይ ቢሠሩትም ደግ ነው፤ ያ ኬክ ባይሠራ አባዬ አፉን አይከፍትም ነበር። እናንተም ቤት ግን በረንዳው ላይ አንድ ሰው አይጠፋም። የምጽዋን ባቡር የተሳፈረ፣ ወይም ከጦር ግንባር የተመለሰ፣ ወይም ወንጂ ሸንኮራ የቆረጠ። ሻማው ሳይቀልጥ ጠይቁት።

ሚጣ ሻማውን እፍ ብላ አጠፋች። ድፎውና ኬኩ አብረው ተቆረሱ። ጨው የተነሰነሰበትን ጥግ ለአባዬ እንስጥ ሲባል እምቢ አለች፤ ራሷ በላችው። ፊቷን አጨማደደች፤ ከንፈሯን ላሰች፤ ቀጥላም እጇን ዘረጋች።

«አባባ፣ ሌላ ባሕር ጨምርልኝ።»